የአቶ ይግዛው ስም ሲጠራ

ታንጉት የእድሩ ኮሚቴ አባል ሆና ከተመረጠች ወዲህ አጎቷ አቶ አሻግሬ በቀጥታ አነጋግረዋት አያውቁም። ተጣልተው አይደለም። ሰው ቢጠይቃቸው "ከልጅ ጋር ምን አጣላኝ" ይላሉ። ግን የሚፈልጉትን ሁሉ የሚነግሯት በሚስታቸው በወይዘሮ ጤናዬ በኩል ነው፤ ያውም ሦስቱም በአንድ ገበታ ዙሪያ ጉልበት ለጉልበት ተነካክተው ተቀምጠው ሳለ። "አንቺ ጤናዬ፣ ለኮሚቴዋ ንገሪያት፣ ጨዉን ወዲህ ታድርገው" ይላሉ፤ ጨዉ ከታንጉት እጅ አጠገብ ነው። ወይዘሮ ጤናዬ ወደ ታንጉት ዞር ብለው፣ ፊታቸውን እንደ ፍርድ ቤት አስተርጓሚ አኮሳትረው፣ "ጨዉን ወዲህ አድርጊው ይሉሻል" ይላሉ። ታንጉት ጨዉን ለወይዘሮ ጤናዬ ታቀብላለች፤ እሳቸው ለባላቸው ያሻግራሉ፤ አቶ አሻግሬም "እግዜር ይስጥልኝ በያት" ብለው ወደ ሽሯቸው ይመለሳሉ። ወይዘሮ ጤናዬ መጀመሪያ ሰሞን ይናደዱ ነበር። በኋላ ለመዱትና እንዲያውም መልእክቱን ሲያደርሱ ከራሳቸው ጨመር ያደርጉበት ጀመር። "ጨዉን ወዲህ አድርጊው፣ ሹሩባሽም አምሮብሻል ይሉሻል።" አቶ አሻግሬ ያላሉትን ለማስተባበል አፋቸውን ይከፍቱና፣ ለማን እንደሚናገሩ ግራ ገብቷቸው መልሰው ይዘጉታል።

ነገሩ የመጣው ከቀበሌ ነው። በሰባ ሦስት ዓመተ ምሕረት መስቀል እንዳለፈ፣ በደባርቅ ያለ ማናቸውም የሕዝብ ማኅበር፣ እድርም ቢሆን፣ አንድ ወጣትና አንዲት ሴት በፈቃደኝነት የሚያገለግሉበት ኮሚቴ ይኑረው የሚል ትእዛዝ ወረደ። የላይ ገበያ እድር ኮሚቴ ያለው አምስት ወንበር ብቻ ነበር፤ በአምስቱም ላይ ሽማግሌ ተቀምጦበታል። ሁለት ሰው ይግባ ማለት ሁለት ሽማግሌ ይውረድ ማለት ነው። ከቅዳሴ መልስ ተቀምጠው ሲመክሩ፣ ተነሥተው ሄደው እንደገና ሲመክሩ ከሰነበቱ በኋላ የእድሩ ዳኛ መሪጌታ ተክለ ማርያም መላ አገኙ። ትእዛዙ ወጣት ይላል፣ ሴትም ይላል፤ ወጣትም ሴትም የሆነች አንዲት ሰው ብናስገባ ለሁለቱም ትበቃለች አሉ። ሁሉም ሸክም እንደቀለለለት ሰው ተነፈሱ። ያች ሰው ማን ትሁን ሲባል፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጎንደር ጨርሳ የፈተና ውጤት የምትጠብቀው፣ በመሠረተ ትምህርት ግማሹን ሽማግሌ ፊደል ያስቆጠረችው የአቶ አሻግሬ የወንድም ልጅ ታንጉት ተጠራች። የሚወርደውስ ማን ይሁን ሲባል ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩና፣ አቶ አሻግሬ ቢወርዱ ወንበሩ ከቤታቸው ስለማይወጣ ቅር አይላቸውም ብለው ወሰኑ። አቶ አሻግሬ በዚያ ስብሰባ ላይ አንድ ቃል አልተነፈሱም። ቤት ሲገቡ ነው "ጤናዬ፣ ለኮሚቴዋ ንገሪያት፣ በሩን ትዝጋው፣ ብርድ ነው" ያሉት።

የወሰደችባቸው ወንበሩን ብቻ ቢሆን ይችሉት ነበር። አቶ አሻግሬ የእድሩ ስም ጠሪ ነበሩ። ከቀብር በኋላ የአባላት ስም ይጠራል፤ የቀረ ይቀጣል፤ ይህ በየትም እድር ያለ ነው። የላይ ገበያ ልዩነቱ ስም ከወረቀት አለመጠራቱ ነው። ሰው ከወረቀት የሚጠራው ግብር ሲኖርበት ወይም ሲከሰስ ነው፣ ጎረቤቱን ሊቀብር የወጣን ሰው ግን በቃል ነው የሚጠሩት ይሉ ነበር አቶ አሻግሬ። አጠራሩም በቤት ተራ ነው፤ ከአውቶቡስ መቆሚያው ይጀምርና አጥር ለአጥር እየተከተለ ወንዙ ድረስ ይወርዳል። የተጠራው ሰው ከሌለ የላይ ጎረቤቱ ይመልስለታል፦ ታሟል፣ ወይም መንገድ ሄዷል። የላይ ጎረቤቱ ዝም ካለ ቅጣት ነው። አቶ አሻግሬ እንጨት ሲፈልጡ ያን ሁሉ ስም እንደ ዳዊት ሲደግሙት፣ አባቷ ከበየዳ አምጥተው ለትምህርት ያስቀመጧት ታንጉት ደጃፍ ላይ የቤት ሥራዋን እየሠራች ትሰማለች። አንድ ቀን ሳታስበው ሁሉም በቃሏ ገብቶ ተገኘ። "አሻግሬ ከወረዱ ስም ጠሪ ከየት ይገኛል" ብለው ሽማግሌዎቹ ሲጨነቁ ተነሥታ ከአውቶቡስ መቆሚያው እስከ ወንዙ ሳትደናቀፍ ያወረደችው እሷ ናት። አቶ አሻግሬ ይቅር ያላሏት ይህን ነው።

አንድ ቀን ጧት ጉሙ ከገደሉ ወጥቶ ከተማውን ሞልቶት ነበር። የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ውዱ በላይ ገበያ ሲያልፍ ድምፁ ይሰማል እንጂ ሰውየው አይታይም። የእነ አቶ አሻግሬ ቤት ግን ማን እንደሞተ ለማወቅ ጥሩምባ አላስፈለገውም። ሟቹ አቶ ይግዛው የታች ጎረቤታቸው ናቸው፤ ለቅሶው ጎሕ ሲቀድ በአጥሩ ላይ ነው የመጣው። አቶ ይግዛው በቅሎ ጭነው ጨውና ዘይት ወደ በየዳ እያወጡ፣ ገብስ እያወረዱ፣ አንዳንዴም ቁልቁል ወደ ዛሪማ እየዘለቁ ዕድሜያቸውን በመንገድ የጨረሱ ነጋዴ ነበሩ። ክረምቱ ሲገባ ደረታቸውን አሟቸው ቤት ዋሉ፤ ጎረቤቱ ቤታቸው ሲውሉ ያያቸው ያኔ ነው፤ ክረምቱ ወጥቶ ኅዳር ሲገባ እሳቸውም ወጡ። ታንጉት ነጠላዋን ስትፈልግ አቶ አሻግሬ ጋቢያቸውን ተከናንበው በሩ ላይ ቆመው ነበር። ዓይናቸው ቀልቷል። ቢሆንም ሥርዓታቸውን አልዘነጉም። "ለኮሚቴዋ ንገሪያት" አሉ ለሚስታቸው፣ "የእድር ሹም ከጥሩምባው ቀድሞ ለቅሶ ቤት ይደርሳል እንጂ ጥሩምባው አያባርረውም።" ወይዘሮ ጤናዬ ያን ቀን ምንም አልጨመሩበትም። "ቶሎ በይ ልጄ" ብቻ አሏት።

የአቶ ይግዛው ቤት አንድ ክፍል ነው፤ ግድግዳው በጋዜጣ ተለጥፏል፣ ከበሩ በስተቀኝ የጭነት ኮርቻ ተሰቅሏል፣ መደቡ በአጎዛ ተሸፍኗል። ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ከመደቡ አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ሰው ሲገባ ቀና ብለው ያያሉ እንጂ አይጮኹም። ለቀስተኞቹ ሴቶች በዚህ ትንሽ ተቸግረው ነበር፤ ባለቤቷ ካላለቀሰች ጎረቤት ምን ያህል እንደሚያለቅስ መጠኑ አይታወቅም። አንዲቷ ትጀምርና ወደ እሳቸው አይታ ድምፅዋን ትቀንሳለች። ዳባት የተዳረች አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ በጧቱ አውቶቡስ ሾፌር መልእክት ተልኮላታል። ሌላ ልጅ የላቸውም።

ግቢው ውስጥ ወንዶቹ የእድሩን ድንኳን ይተክላሉ። ታንጉት የሚመጣውን አግዳሚ ስታስቆጥር፣ አቶ ሥራዬ የሚባሉት የኮሚቴ አባል ካስማውን በድንጋይ እየመቱ ለአጠገባቸው ሰው ሲናገሩ ሰማቻቸው። "ደህና አድርገህ ወጥረው። ለዚህ ቤት የምንተክለው የመጨረሻው ድንኳን ነው።" በክፋት አይደለም የተናገሩት፤ ስለ ዝናብ የሚያወራ ሰው ድምፅ ነው። ታንጉት ለምን የመጨረሻው ይሆናል ብላ ጠየቀቻቸው። አቶ ሥራዬ ልጅ የማያውቀውን ነገር ሲጠይቃቸው እንደሚያደርጉት ድንጋዩን አስቀምጠው አስረዷት። ወንድ ወራሽ የሌለው ቤት አርባው ሲወጣ ከእድር ይሰናበታል። ሴት ልጅ አትቆጠርም፣ ያውም ባል አግብታ ዳባት ያለች። ባልቴቷ ልግባ ካሉ እንደ አዲስ ሰው መግቢያ ሰጥተው ይገባሉ፤ መግቢያው ደግሞ ዛሬ የአንዲት ጊደር ዋጋ ነው። "በቅሎዎቹ የት ሄዱ ብለሽ ነው" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፤ "ለሕክምና ተሸጡ እኮ።"

ታንጉት በኮሚቴ ከገባች ጀምሮ ብዙ ነገር አቅዳ ነበር፤ ሰሌዳ ማሠራት፣ አግዳሚዎቹን ቀለም መቀባት። ይህን ደንብ ግን ሰምታው አታውቅም። መሪጌታ ዘንድ ሄዳ ዛሬውኑ ይታይ አለች። መሪጌታ ረጋ ብለው አዳመጧትና "ልጄ፣ ደንብ በሬሳ ፊት አይፈታም" አሏት። ጠቅላላ ጉባኤው ጥር ላይ ነው፤ ያኔ ይነሣል። አርባው ግን የሚወጣው ከጥር በፊት ነው። ደንቡን ያወጣው ማን ነው ብትል መሪጌታ መልስ ሳይሰጡ የድንኳኑን ገመድ ወደሚያስሩት ወደ አቶ አሻግሬ በአገጫቸው አመለከቱ።

ውኃ ይዛ ወደ ቤት ስትገባ ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ከወይዘሮ ጤናዬ ጋር አንገት ለአንገት ገጥመው ቀስ ብለው ያወራሉ። እሳቸውም ደንቡን ያውቁታል ማለት ነው። "የምታለቅስልኝ ልጅ አለችኝ" ሲሉ ሰማች ታንጉት። "የሚሸከመኝ ነው የሌለኝ።" እድር የሌለው ሰው ሲሞት ጥሩምባ አይነፋለትም፤ ከቤቱ ወጥቶ መቃብሩ እስኪገባ በልመና ነው። በዚያ ክረምት አንዲት ጠላ ሻጭ እንዲህ ሆና ሬሳዋ እስከ ማታ ተሸካሚ ሲጠብቅ ዋለ፤ ከተማው ሁሉ አይቷል፤ ሁሉም ስለ እሷ ሲያወራ ድምፁን ይቀንሳል።

ታንጉት እንስራውን አስቀምጣ በቀጥታ ወደ አጎቷ ሄደች። "ጋሼ" አለች። አቶ አሻግሬ ሚስታቸውን ለመፈለግ ዙሪያቸውን አዩ። ወይዘሮ ጤናዬ የሉም፤ አጠገባቸው ያለው ጥሩምባውን በብብቱ ይዞ ገመድ የሚያቀብላቸው ውዱ ነው። "ውዱ" አሉ፣ "ለኮሚቴዋ ንገራት። ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ። መቃብር የሚቆፍር ክንድ፣ ቃሬዛ የሚይዝ ትከሻ የማይልክ ቤት እድርተኛ አይደለም። ጨካኝ ሆኜ አይደለም፤ ሬሳ በእንባ አይነሣም።" ውዱ ወደ ታንጉት ዞሮ ትንሽ አሰበና "ሰምተሻል" አላት። ወንዱ መንገድ ሲሄድስ ማን ይሸከማል ብላ መልሳ ጠየቀች፤ አቶ ይግዛው ራሳቸው ስንት ቀብር ላይ ነበሩ? አቶ አሻግሬ ቋጠሮውን በጥርሳቸው አጠበቁ። መንገደኛ ይመለሳል፤ እስኪመለስ የላይ ጎረቤቱ በሱ ፈንታ ይሸከማል፤ ይህን ንገራት አሉ። ውዱ "ይህንንም ሰምተሻል" አለ።

ቀብሩ ከቀትር በኋላ ሆነ። ጉሙ ተነሥቶ ፀሐይዋ ወጥታ ነበር፤ ነፋሱ ግን ጋቢ ይገልጣል። የዳባቷ ልጅ በሰዓቱ ደረሰች፤ እናትየዋ ያላለቀሱትን እሷ አለቀሰችላቸው፤ ለቀስተኞቹም መጠኑን አወቁ። አፈሩ ከተመለሰ በኋላ ወንዶቹ እንደ ልማዳቸው ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ከትልቁ ጥድ ሥር ተሰበሰቡ፤ ሴቶቹ ራቅ ብለው ወይዘሮ ማንጠግቦሽን ከበው ቆሙ። ታንጉት ከድንጋዩ ላይ ወጣች። ከተመረጠች ወዲህ አየሩ ደግ ሆኖ ብዙም ሰው አልሞተም፤ ከዚህ በፊት የጠራችው አንድ ጊዜ ብቻ ነበር፣ እሱም አላማረላትም። ቀበሌው ስም ሲጠራ "ጓድ" ይባል ብሎ ስለነበር "ጓድ መሪጌታ" ብላ ስትጠራ መሪጌታ ለራሳቸው መሆኑን ስላላወቁ ዝም አሉ፤ የላይ ጎረቤታቸውም ጓድ የሚባል ሰው አላውቅም አለ። ከዚያ በኋላ ወደ "አቶ" ተመልሳለች። ዛሬ እንዳትሳሳት ፈርታለች። ከፊት ለፊቷ አቶ አሻግሬ እጃቸውን በጋቢያቸው ውስጥ አጣምረው፣ ከንፈራቸውን ከሷ ጋር እያንቀሳቀሱ ይከተሏታል፤ አንድ ስም ብትዘል ሊያዩ ነው።

ከአውቶቡስ መቆሚያው ጀመረች። አለሁ፣ አለሁ፣ አለሁ እያለ ወረደ። ሐሳቧ ግማሹ ከሴቶቹ ዘንድ ነበር፤ ያ "የሚሸከመኝ ነው የሌለኝ" የሚለው ቃል ከጆሮዋ አልወጣም። ምላሷ ግን መንገዱን ያውቃል፤ ቤት ለቤት፣ አጥር ለአጥር እያለ ይሄዳል፣ የሚዘለው አጥር የለም። አቶ ሥራዬ። አለሁ። አቶ አሻግሬ። አለሁ። አቶ ይግዛው።

ከአፏ ሲወጣ ሰማችው። ሰው ሁሉ ሰማው። ነፋሱ እንኳ ያኔ ነው ያረፈው። ያ ዝምታ ቢቆይ ኖሮ ታንጉት ከድንጋዩ ላይ ወድቃ ትሞት ነበር፤ ግን አልቆየም። አቶ አሻግሬ፣ ከንፈራቸውን ቀድሞውኑ ከሷ ጋር ያንቀሳቅሱ የነበሩት አቶ አሻግሬ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ያ ስም ሲጠራ እንዳደረጉት፣ ጥርት ባለ ድምፅ መለሱ።

"መንገድ ሄዷል።"

ታንጉት ሌላ ምን ማድረግ እንዳለባት ስላላወቀች የሚቀጥለውን ጠራች። "አቶ ደስታው።" አቶ ደስታው ፈዘው "አለሁ" አሉ። ችግሩ የመጣው ከውዱ ነው። ውዱ ለጥሩምባ የተሠራ ሰፊ ደረት አለው፤ ሳቁን በአፍንጫው ሊያሳልፈው ቢሞክር ድምፁ እንደ ተደፈነ ጥሩምባ ወጣ። ከዚያ አጠገቡ ያለው ጋቢውን ወደ አፉ ወሰደ፤ ከዚያ የሱም አጠገብ። ወዲያው ከጥዱ ሥር የቆመው ወንድ ሁሉ ፊቱን ሸፍኖ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሴቶቹ ከሩቅ ይህን አዩ። የላይ ገበያ ወንዶች እንዲህ አንድ ላይ ሲያለቅሱ አይተው አያውቁምና ልባቸው ተነካ፤ እንደ አዲስ እሪታውን አቀለጡት። ወንዶቹ እሪታውን ሲሰሙ ባሰባቸው። ታንጉት በዚያ ሁሉ መካከል ስሙን እስከ ወንዙ አደረሰችው፤ አንድም ሰው አልቀረም።

ከመቃብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ ንፍሮ ሲዘገን ማንም የማንንም ፊት አያይም። የላይ ገበያ ወንዶች ሲስቁ የዋሉትን ሳቅ ማን እንደሚከፍልላቸው ይፈልጉ ነበር። ነገሩን ያነሡት አቶ ሥራዬ ናቸው። የሟች ስም መቃብሩ ሳይደርቅ መጥራት ነውር ነው፤ ባልቴቷን መድፈር ነው፤ እድሩንም የሌላ ሰፈር መሳቂያ ማድረግ ነው አሉ። ልጅቱ ጎበዝ ናት፣ ፊደል ታስቆጥር፣ ቀበሌም ታገልግል፤ ከዚህ ግን ትውረድና አቶ አሻግሬ ይመለሱ። ቀበሌውን እሳቸው ራሳቸው ያስረዳሉ። ብዙ ራስ ተነቀነቀ። አቶ አሻግሬ እንደ ሙሽራ ዓይናቸውን ወደ ንፍሯቸው ሰብረው ተቀምጠዋል። መሪጌታ ወደ ታንጉት ጎንበስ ብለው፣ ተነሥተሽ አጥፍቻለሁ በይ፣ በዚያው ያልቃል፣ ወንበሩንም እንተውልሻለን ብለው ሹክ አሏት። ታንጉት ልትነሣ ነጠላዋን ሰበሰበች። ይህን ጊዜ አቶ ሥራዬ፣ ደግነት የበዛበት ሰው ናቸውና፣ ነገሩን በሰላም ለመደምደም አንድ ቃል ጨመሩ።

"መቼስ ሰው ነን። እሷም ተሳስታ ጠራች፣ አሻግሬም ተሳስቶ መለሰ። የሁለቱንም ለእግዜር እንስጠውና—"

አቶ አሻግሬ ንፍሮ የያዘ እጃቸው ከአፋቸው ሳይደርስ ቆመ።

"ማን ነው የተሳሳተ?"

"ያው... መቼስ... የሞተ ሰው መንገድ ሄዷል ስትል—"

"ሥራዬ። ይህ እድር ከተቋቋመ ጀምሮ ተሳስቼ የጠራሁት፣ ተሳስቼ የመለስሁት ስም አለ?"

"የለም፤ እስከ ዛሬ—"

"እስከ ዛሬ አትበል። የለም በል።"

ታንጉት ነጠላዋን እንደያዘች አጎቷን አየቻቸው። ጆሯቸው ቀልቷል፣ አገጫቸው ወጥቷል፤ ይህን አገጭ ታውቀዋለች፤ ቤት ውስጥ ይህ አገጭ ከወጣ ወይዘሮ ጤናዬ ራሳቸው ወደ ጓዳ ይገባሉ። አጥፍቻለሁ ብትል ሁሉም ነገር እዚሁ ያልቃል፤ ወንበሯ ይተርፋል፣ ለቅሶው ይበተናል፣ አርባው ይወጣል። ተነሣች። ግን ይቅርታ አልጠየቀችም።

"መሪጌታ" አለች፣ "እስቲ ጋሼን ይጠይቁልኝ። ስም ጠሪ ጠርቶት፣ የላይ ጎረቤቱ መንገድ ሄዷል ብሎ መልሶለት፣ ከተሰበሰበው ሰው አንድም አይደለም ያላለበት አባል በደንቡ ምን ይባላል?"

መሪጌታ ወደ አቶ አሻግሬ ዞሩ። አቶ አሻግሬ ወደ መሪጌታ ብቻ እያዩ፣ "ለኮሚቴዋ ይንገሩልኝ፣ መንገደኛ ይባላል" አሉ።

"የመንገደኛ ቤትስ ከእድር ይወጣል ወይ ይበሉልኝ።"

ያኔ አቶ አሻግሬ ገባቸው። ሞኝ አይደሉም፤ ደንቡን ቃል በቃል ያወጡ ሰው ናቸው። ታንጉት የአንገታቸውን ጅማት እያየች ጠበቀች። አንዲት ቃል፣ "ዘነጋሁ" የምትል አንዲት ቃል ቢወጣቸው ወንበራቸው ይመለሳል፣ የቃል ጥሪያቸው ይመለሳል፣ እሷም ነገ እዚያው ደጃፍ ላይ ውጤት ስትጠብቅ ትውላለች። ወንዶቹ ሁሉ ንፍሯቸውን መቆርጠም ትተዋል። አቶ አሻግሬ ከድንኳኑ ጫፍ በኩል ወደ ቤቱ በር ተመለከቱ፤ ከዚያ ወገን ምንም ድምፅ አይሰማም። ያን ጊዜ ልባቸውን የያዘው ኩራታቸው ይሁን ሌላ ነገር ታንጉት ዛሬም ድረስ ለይታ አታውቅም። እሳቸውም በማንም በኩል አልነገሯትም።

"እስኪመለስ ድረስ አይወጣም" አሉ።

አቶ ሥራዬ ግራ ተጋብተው ከአንዱ ወደ ሌላው አዩ። "ኧረ በማርያም! መቼ ነው የሚመለሰው ታዲያ?"

"አንተ ባለፈው ለሰሊጥ አጨዳ ሁመራ ስትወርድ መቼ ትመለሳለህ ብዬ ጠይቄህ ነበር? ደንቡ መሄድህን ነው የሚጠይቅ። መመለሻህን አይጠይቅም።"

አቶ ሥራዬ ወደ መሪጌታ ይግባኝ አሉ። መሪጌታ ጢማቸውን ያዙ። እንደ እድር ዳኛ ሳይሆን እንደ ቤተ ክርስቲያን ሰው ቀስ ብለው ተናገሩ። አቶ ይግዛው የሚመለሱበትን ቀን እሳቸውም አያውቁም፤ ነገር ግን ሙታን ይነሣሉ ብለን በየቅዳሴው እንመሰክራለን፤ እዚህ ድንኳን ውስጥ ይግዛው አይመለስም የሚል ሰው ካለ ይነሣና ይናገር፣ ከዚያ በኋላ ከንስሐ አባቱ ጋር ይነጋገራል። ማንም አልተነሣም። አቶ ሥራዬ እንዲያውም ትንሽ ወደ ኋላ ሸሸት አሉ። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀራቸው፤ በሳቸው ፈንታ ማን ይሸከማል፣ ማን ይቆፍራል? ትከሻ ያስፈልጋል ተብሎ የለም ወይ?

"የላይ ጎረቤቱ ነዋ" አሉ አቶ አሻግሬ። ከዚያ ያሉት ነገር የማን ሸክም እንደሆነ ትዝ ሲላቸው ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ሰብስበው ጨረሱት። "እኔ ነኝ።"

መሪጌታ ተነሥተው ፈረዱ። የተሳሳተ ስለሌለ የሚወርድ የለም። የአቶ ይግዛው ቤት በተራው ይጠራል። ስለ ሳቁ ግን ሁሉም ያጠፋ ስለሆነ ሁሉም ይቀጣል፤ ቅጣቱም ለዚህ ቤት የክረምት ማገዶ መፍለጥ ነው። ውዱ የሳቁ ጀማሪ ስለሆነ እጥፍ ይፈልጣል። ውዱ ሳቁን ያስጀመሩኝ እነሱ ናቸው ብሎ ሊከራከር ሲል የሚያዳምጠው አልተገኘም። ሰው መበታተን ሲጀምር አቶ አሻግሬ መሪጌታን ክንዳቸውን ይዘው ሲያወሩ ታንጉት ሰማች፤ ለኮሚቴዋ ይንገሩልኝ፣ ከአቶ ደስታው ቀጥሎ ያለውን ስም ስትጠራ ትቸኩላለች፣ ሰው ትንፋሽ ይሰብስብ፣ እያሉ ነበር።

ውሳኔውን ለወይዘሮ ማንጠግቦሽ እንድትነግር የታዘዘችው ታንጉት ናት። ስትገባ ለቀስተኞቹ ወጥተዋል፤ የዳባቷ ልጅ መደቡ ጥግ ላይ ኩርምት ብላ እንቅልፍ ወስዷታል። ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ጧት በነበሩበት ቦታ ናቸው፤ ሰው ስላለቀ ነጠላቸውን ከራሳቸው አውርደዋል። ታንጉት አጠገባቸው ተንበርክካ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ስሙን ተሳስታ መጥራቷን፣ የጋሼን መልስ፣ የወንዶቹንም ሳቅ ሳትደብቅ። ይቆጡኛል ብላ ነበር። ወይዘሮ ማንጠግቦሽ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው እስከ መጨረሻው አዳመጧት፤ ዓይናቸው ከሷ አልተነሣም።

"እና በየቀብሩ ይጠራል?"

"ይጠራሉ።"

"ከአሻግሬ ቀጥሎ?"

"ከጋሼ ቀጥሎ፣ በተራቸው።"

ውጭ ወንዶቹ አግዳሚዎቹን ሲያነባብሩ ይሰማል፤ አንዱ አንዱን ቀስ በል ይለዋል። ወይዘሮ ማንጠግቦሽ የመደቡን አጎዛ ጫፍ በመዳፋቸው አንድ ጊዜ አስተካከሉ። ታንጉት ልትነሣ ስትል ክንዷን ያዟት፤ ልጃቸው እንዳትሰማ ይሆናል፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው የተናገሩት።

"ስትጠሪው ታዲያ ጮክ ብለሽ ጥሪው። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ጆሮው ከብዶት ነበር፤ ለሰው አናወራውም እንጂ።"